ለተፈናጣጩም እርካብ ይኑረው

የሮዘተንቪልና የተርፎንቴን ጎረቤቶቼ፣ ጄፒ ላይ ሱቅ ከፍታችሁ የምትውሉ፣ ሎኬሽን ገብታችሁ ስፓዛ የምትጠብቁ፣ ከዚህ ተነስታችሁ አውሮፓና አሜሪካ የደረሳችሁ ወዳጆቼ፣ እኔ እንደተለመደው በጥሪና በጥሪ መሃል መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ፖለቲካ አይደለም፤ የራንድና የብር ምንዛሬም አይደለም። ስለ ሞተር ሳይክል የኋላ መርገጫ ነው። አዎ፣ ያቺ በግራና በቀኝ የምትዘረጋው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እግሩን የሚያሳርፍባት፣ ሰው ከሌለ ወደ ላይ የምትታጠፈው አጭር ብረት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ የሚጻፍ ጠፍቶ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቴን ልንገራችሁ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ካለነው መሃል ብዙዎቻችን ወደ ቤት ብር ልከን ሞተር ገዝተናል፤ ወይም ለመግዛት እየተዘጋጀን ነው። «ወንድሜ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ሞተር ገዝቼለት ሰው እያመላለሰ ራሱን ይቻል» የሚል ወሬ በየሱቁ፣ በየቡናው፣ በየለቅሶው ቤት የምንሰማው ነው። ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ወላይታ ሶዶና ሌሎችም ከተሞች በሞተር ሰው ማመላለስ እንጀራ ሆኗል። በዚያው ሞተር እናታችን ገበያ ትወጣለች፤ እህታችን ለቅድመ ወሊድ ክትትል ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ የወንድማችን ልጅ ትምህርት ቤት ይደርሳል።

ታዲያ ስንገዛ ምንድን ነው የምንጠይቀው? ስንት ሲሲ ነው? ነዳጅ ይቆጥባል ወይ? መለዋወጫው ይገኛል? አዲስ ነው ወይስ የተነዳ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁሉም ግን ስለ ነጂውና ስለ ኪሳችን ነው። ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ሰው ሊጭን የሚገዛ ሞተር መጀመሪያ መታየት ያለበት ከኋላ በኩል ነው። የኋላ መርገጫው ያልተሟላ ሞተር ላይ ሰው ማስቀመጥ ሰውን እንደ ጆንያ መጫን ነው። ጆንያ እንኳ በገመድ ይታሰራል።

መፈናጠጥ ከፈረስ የመጣ ልማድ ነው

አማርኛችን ለዚህ ነገር የራሱ ቃል አለው። ከሌላ ሰው ኋላ ፈረስ ወይም በቅሎ ላይ መውጣት መፈናጠጥ ይባላል። «አፈናጠጠው» ስንል ከኋላው አስቀምጦ ይዞት ሄደ ማለታችን ነው። እግር የሚገባበት ቀለበት ደግሞ እርካብ ነው። የድሮ ፈረሰኞቻችን እርካብ ትንሽ እንደነበር፣ ባዶ እግራቸውን ሆነው አውራ ጣታቸውን ብቻ ያስገቡበት እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል፤ በድሮ ሥዕሎችና በሙዚየም ውስጥ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እርካብ የነበረው ለጋላቢው ብቻ ነው። ተፈናጣጩ እርካብ የለውም። እግሩ በእንስሳው ጎን ይንጠለጠላል፤ እጁ የጋላቢውን ወገብ ይይዛል፤ በቃ። ይህ በበቅሎ እርምጃ ያስኬዳል። በቅሎዋ ራሷ ዓይን አላት፤ ጉድጓድ ካየች ትዞራለች። ጎኗ ለስላሳና ሙቅ ነው፤ እግር አያቃጥልም፤ ነጠላ አይጎትትም።

ሞተር ሲመጣ ያንን ልማድ እንዳለ ይዘን ወጣንበት። ከኋላ ያለው ሰው ዛሬም ብዙ ቦታ እንደ ተፈናጣጭ ነው የሚታየው፦ ወገብ ይያዝ፣ እግሩን እንደምንም ያድርግ። ልዩነቱ አሁን ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከእግሩ ሥር የሚሽከረከር ጎማ፣ የሚሮጥ ካቴናና የጋለ ማርሚታ አለ። ሞተሩን የሠሩት ፋብሪካዎች ይህን ስላወቁ ነው ለኋለኛውም እርካብ የሠሩለት። እኛ ጋ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚሰበረውና መጨረሻ የሚጠገነው እሱ ነው።

መርገጫው ምን ይሠራል?

እኔ የመኪና ሹፌር ነኝ፤ ሰው ከኋላ አስቀምጦ መንዳት ግን ሥራዬ ስለሆነ ነገሩ ይገባኛል። አዲስ አበባ በሚኒባስ የሄደ ሰው ሁሉ ጎማ ላይ ያለችውን ወንበር ያውቃታል። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ እዚያ ሲያስቀምጥህ ጉልበትህ አገጭህ ጋ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በአከርካሪህ በኩል ያልፋል። የሞተር ኋላ መቀመጫም እንደዚያው የኋላ ጎማ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ነጂው በሁለቱ ጎማዎች መሃል ስለሚቀመጥ ምቱ ተካፍሎ ይደርሰዋል። ኋለኛው ግን የኋላ ጎማው የነካውን ሁሉ በቀጥታ ይቀበላል።

ሰው ሞተር ላይ ሲቀመጥ ሦስት ድጋፍ አለው፦ መቀመጫው፣ እጁና እግሩ። እግሩ ጠንካራ ነገር ላይ ካረፈ ጉልበቱና ዳሌው እንደ ሞላ ይሠራሉ። ጉድጓድ ሲመጣ ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ይልና ምቱን በእግሩ ይወስደዋል። ፍሬን ሲያዝ እግሩን ተጭኖ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ራሱን ይገታል። ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ አይወድቅም።

መርገጫ ከሌለ ይህ ሁሉ ይቀራል። ክብደቱ በሙሉ መቀመጫው ላይ ይወድቃል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ነጂው ጀርባ ላይ ይከመራል፤ ነጂው ደግሞ የሁለት ሰው ክብደት በመሪው ላይ በክንዱ ሊሸከም ነው። ትንንሾቹ የሥራ ሞተሮች መቶ ምናምን ኪሎ ናቸው። ከኋላ የተቀመጠ 65 ወይም 70 ኪሎ የሆነ ሰው ከሞተሩ ክብደት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ክብደት በየጉድጓዱ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ሞተሩን የሚነዳው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ስለዚህ «ምቾት» ስል ቅንጦት ማለቴ አይደለም። እግሩ የደነዘዘ፣ ወገቡ የታመመ ተሳፋሪ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይገላበጣል፣ አንዱን ዳሌ ያነሳል፣ እግሩን ያወርዳል። መታጠፊያ ላይ እንዲህ ካደረገ ሁለቱም መሬት ናቸው። ኋላ ያለው ሰው ካልተመቸው ፊት ያለውም ደህንነት የለውም።

ቁመቱም ወሳኝ ነው። የውድድር ሞተሮችን አይታችኋል፤ የኋላ መርገጫቸው ከፍ ያለ፣ መቀመጫቸው መዳፍ የምታህል ናት። እነሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉልበቱን መዘርጋት ይሳነዋል። የረጅም ጉዞ ሞተሮች፣ እንደ ሆንዳ ጎልድዊንግ ያሉት፣ ለኋለኛው ሰው ሰፊ መቀመጫና መደገፊያ አላቸው። ለእኛ ሥራ የሚሆነው መሃከለኛው ነው፤ ረጅም ጠፍጣፋ መቀመጫ፣ ጉልበትን ብዙ የማያጥፍ መርገጫ። እንደ ቦክሰር ያሉት የሥራ ሞተሮች ይህ አላቸው። ቦክሰርን የሚሠራው ባጃጅ ኦቶ የተባለው የህንድ ኩባንያ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን ታክሲ «ባጃጅ» የምንለውም በእሱ ስም ነው።

መርገጫው የሚታጠፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መርገጫው መሬት ቢነካ ወደ ላይ ይታጠፋል። የማይታጠፍ ቢሆን መሬት ላይ ይተከልና ሞተሩን ያነሳዋል፤ ጎማው መሬቱን ይለቃል። አሁን አገር ቤት የሚደረገውን አስቡ። ሞተሩ ይወድቃል፤ መርገጫው ይሰበራል፤ ባለቤቱ በያጅ ጋ ይወስደዋል፤ በያጁ ቁራጭ ፌሮ ይበይድለታል። «ተሠራ» ይባላል። አልተሠራም። ፌሮው አይታጠፍም። ጎማ የለበሰ ስላልሆነ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጫፉም በመውደቅ ጊዜ የሰው ቁርጭምጭሚት ይጠብቃል።

ነጠላውና ማርሚታው

ህንዶች ስለዚህ ጉዳይ ከእኛ በፊት አስበዋል፤ ሴቶቻቸው ሳሪ ለብሰው ሞተር ላይ ይወጣሉና። የ1989ኙ የተሽከርካሪ ደንባቸው አንቀጽ 123 ከኋላ ሰው የሚጭን ሞተር ሦስት ነገር እንዲኖረው ያዛል፦ ለኋለኛው ሰው የሚሆን ቋሚ የእጅ መያዣ፣ የእግር መርገጫ፣ እንዲሁም ልብስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ቢያንስ የኋላ ጎማውን ግማሽ የሚሸፍን መከላከያ። በጎን በኩል የምታዩት ያ የብረት ፍርግርግ ጌጥ አይደለም። ለሳሪ የተሠራ ነው፤ ለነጠላም ይሆናል። ለጋቢም፣ ለረጅም ቀሚስም፣ ለሂጃብም።

አንዳንዱ ልጅ ሞተሩ እንዲያምርለት፣ ቀለል እንዲል ብሎ ይህን ፍርግርግ ፈቶ ይጥለዋል። ነጠላ ጎማ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መዘርዘር አልፈልግም። አንገት ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ በሚሽከረከር ጎማ ሲጎተት የሚያስከትለውን ሁላችሁም መገመት ትችላላችሁ። ፍርግርጉን የፈታው ልጅ እናቱን አስቦ ቢሆን ኖሮ አይፈታውም ነበር።

ማርሚታውም አለ። በአብዛኞቹ የሥራ ሞተሮች ማርሚታው በቀኝ በኩል ነው፤ ማቆሚያው ደግሞ በግራ። ስለዚህ መውጣትም መውረድም በግራ በኩል ነው። መርገጫ የሌለው ሰው ግን ቀኝ እግሩን የት ያድርግ? ተንጠልጥሎ ሲደክመው ቅርብ ያገኘው ነገር ላይ ያሳርፈዋል፤ ያም ማርሚታው ነው። ቀኝ ባቱ ላይ የሞተር ጠባሳ ያለበት ሰው አይታችሁ ከሆነ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

መንገዴን ሳልስት አንድ ነገር ልጨምር፤ ማርሚታ ያቃጠለው ሰው ቢገጥማችሁ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ቡና አትቀቡት። ቀዝቀዝ ያለ የሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፤ በንጹሕ ነገር ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እዚህ ያለንበት አገር ሕግ ምን ይላል?

አሁን ወደ ጆበርግ እንምጣ። ቼከርስ ሲክስቲ ሲክስቲን እ.ኤ.አ. በ2019 ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም ኮሮና ሰውን ቤት ካስገባ በኋላ፣ ዕቃ አድራሽ ሞተሮች ከተማውን ሞልተውታል። ሮቦት ላይ ስትቆሙ በግራና በቀኝ ይከቧችኋል። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ናቸው፤ የኛም ልጆች አሉበት። ሲሠሩ ሳይ አከብራቸዋለሁ፤ በዝናብ፣ በብርድ፣ ዌመር ፓን አጠገብ ባለው ጉድጓድ ሁሉ።

የእነዚህ ሞተሮች የኋላ መቀመጫ ቦታ በሳጥን ተይዟል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ግን ሳጥኑ እንደተቦለነ ጓደኛ ይጫናል። ጓደኛው በነጂውና በሳጥኑ መሃል ተጣብቆ፣ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ያለ ሄልሜት። የሮዘተንቪል ሰው ከሆናችሁ ይህን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በየመንገዱ ታዩታላችሁ። እኔም ከኋላቸው ስነዳ ርቀቴን ጠብቄ ነው፤ ያ ልጅ ቢወድቅ የማገኘው እኔ ነኛ።

የዚህ አገር ሕግ በዚህ ላይ የተወው ነገር የለም። በ1996ቱ የብሔራዊ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 309 እንዲህ ይላል። ሞተሩ ከ50 ሲሲ በላይ ካልሆነ ሰው መጫን አይቻልም። በጎን ተለጣፊ ጋሪ ውስጥ ካልሆነ በቀር፣ የሚጫነው ሰው ከኋላ ባለ መቀመጫ ላይ እግሩን ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ማለትም አንፈራጦ መቀመጥ አለበት። እግሮቹም ለዚያ በሚሆን መርገጫ ላይ ማረፍ አለባቸው። ከሁለት ሰው በላይ ሞተሩ ላይ መውጣት አይፈቀድም። ሄልሜት ለሁለቱም ግዴታ ነው።

ልብ በሉ፤ ሕጉ «ሞተሩ መርገጫ ይኑረው» ብሎ አላቆመም። የተሳፋሪው እግር እዚያ ላይ ይረፍ ነው ያለው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። መርገጫ ቢኖርም እግሩ የማይደርስ ሕፃን መጫን አይቻልም ማለት ነው። በጎን ተቀምጣ ሁለት እግሯን በአንድ በኩል ያንጠለጠለች ሴትም ከሕጉ ውጭ ናት። ለንደን ያላችሁ ወገኖችም የመንገድ መመሪያችሁን አንቀጽ 85 ተመልከቱ፤ ተሳፋሪው አንፈራጦ ይቀመጥ፣ ሁለቱንም እግሩን መርገጫ ላይ ያድርግ ይላል። አሜሪካም በአብዛኞቹ ግዛቶች ለተሳፋሪ መርገጫ ግዴታ ነው። በዓለም ዙሪያ ሕግ አውጪዎች ስለ እግር ይህን ያህል የተጨነቁት ሥራ አጥተው አይደለም።

ከዚህ አንድ ቀላል መመሪያ ማውጣት ይቻላል። ሰው አትቁጠሩ፤ እግር ቁጠሩ። የኋላ መርገጫ ሁለት ነው። ሁለት እግር ይይዛል። ሁለት እግር ደግሞ የአንድ ሰው ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው እግሩን የሚያደርግበት ከሌለ ቦታ የለውም። ፋብሪካው ቆጥሮ ነው የሰጠን።

«ድሀ አገር ላይ ይህን ታወራለህ?»

ይህን የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ደግሞም ተገቢ ጥያቄ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት መኪና በማይገባበት ቀበሌ ስትሆን፣ ያለው አንድ ሞተር ብቻ ሲሆን፣ «መርገጫው ተሰብሯልና ቅሪ» ይባላል ወይ? አይባልም። ነፍስ ለማዳን ያለው ነገር ሁሉ ይሞከራል። ግን እስቲ ነገሩን ገልብጡት። ያ ሞተር አንድ ቀን ምጥ የያዛት ሴት እንደሚጭን ከታወቀ መርገጫው አስቀድሞ ለምን አይጠገንም? ለክፉ ቀን የሚሆን ዕቃ በደህና ቀን ነው የሚሰናዳው። ደግሞ የኋላ መርገጫ የሀብታም ዕቃ አይደለም። ከፋብሪካ አብሮ ይመጣል፤ ቢሰበርም ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጠፋው ገንዘብ አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ማሰብ ነው።

ሌላው የሚነሳው «ይከልከል» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ይህን ሞክራለች። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ ግን በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ እንጂ የተሳፋሪ ደህንነት አልነበረም። ክልከላ ሌባን ሊያስቸግር ይችል ይሆናል። ሆሳዕና ላይ ነገ ጠዋት ሞተር ላይ የምትወጣውን እናት ግን አይጠቅማትም። እሷ ሞተሩ ያስፈልጋታል። የሚያስፈልጋት በደህና የሚያደርሳት ሞተር ነው።

ኪጋሊ የሄዳችሁ አይታችኋል፤ ሞተረኞቹ ለተሳፋሪ የሚሆን ሁለተኛ ሄልሜት ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሩዋንዳ ከእኛ የበለጠች ሀብታም አገር ሆና አይደለም። ሄልሜት ምን ያህል እንደሚረዳ ለሚጠራጠር ደግሞ ልንገር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ጥናቶች ማጠቃለያ ሄልሜት ማድረግ አደጋ በሚደርስበት ጊዜ የሞት ዕድልን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ለነጂው ብቻ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። የኋለኛውም ጭንቅላት ጭንቅላት ነው።

ብር ከመላካችሁ በፊት

እሺ፣ ወሬው ይብቃና ወደ ሥራው። ለወንድም፣ ለእህት ልጅ፣ ለአጎት ልጅ ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ዋትሳፕ ላይ በቪዲዮ ደውላችሁ ይህን አሳዩኝ በሉት፦

አንደኛ፣ ሁለቱንም የኋላ መርገጫዎች ዘርግቶ ያሳያችሁ። ይዘረጋሉ? ሲለቃቸው በራሳቸው ይወዛወዛሉ ወይስ ባሉበት ይቆማሉ? በብየዳ የተለጠፈ ፌሮ ከሆነ ትክክለኛውን ያስገባ።

ሁለተኛ፣ ጎማቸውን ያሳያችሁ። የመርገጫው ጎማ ካለቀ ይቀየር። በዝናብ ቀን እግርን የሚይዘው እሱ ነው፤ የሞተሩንም ንዝረት የሚቀንሰው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ በማቆሚያው ቆሞ ሌላ ሰው ሞተሩን እየደገፈ በእግሩ ይጫነው። ብሎኑ ከላላ ያኔ ይታወቃል።

አራተኛ፣ የጎን ፍርግርጉና የማርሚታው ሽፋን በቦታቸው ይኑሩ። የኋላ የእጅ መያዣውም ጭምር። ሰው እየወጣ ያለማቋረጥ የነጂውን ልብስ መጎተት የለበትም።

አምስተኛ፣ የኋላ ጎማው አየር። ሁለት ሰው ሲጫን ጎማው ብቻውን ከሚነዳበት ጊዜ የበለጠ አየር ይፈልጋል፤ መጠኑ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ሞላውም የሚስተካከል ከሆነ ለሁለት ሰው ጠንከር ይደረግ። ሞላው እስከ ጥግ ከወረደ ምቱ የሚያርፈው ተሳፋሪው ወገብ ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ ሁለተኛ ሄልሜት። የሞተሩን ዋጋ ስትልኩ የዚህንም ጨምሩ፤ «ከሥራው ይገዛዋል» አትበሉ። አይገዛውም። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ለነጂው ደግሞ ይህን ንገሩት። ተሳፋሪ ከመውጣቱ በፊት መርገጫውን አንተ ዘርጋለት፤ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እንዲፈልገው አትተወው። እግርህን መሬት ተክለህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ ሞተሩን ቀጥ አድርገህ ጠብቀው። «ውጣ» እስክትለው አይውጣ፤ «ውረድ» እስክትለው አይውረድ። ሮቦት ወይም መገናኛ ላይ ስትቆም ተሳፋሪው እግሩን መሬት አያውርድ፤ መሬት የሚረግጠው ነጂው ብቻ ነው። መታጠፊያ ላይ ከሞተሩ ጋር አብሮ ያዘንብል እንጂ ፈርቶ ወደ ተቃራኒው አይጎትት። ፍሬን ድንገት አትያዝ፤ ከኋላህ ያለው ሰው የሚመጣውን አያይም፤ የሚያየው ጀርባህን ነው።

እዚህ ሮዘተንቪልና አካባቢው ዕቃ የምታደርሱ ወንድሞቼ ደግሞ፣ ሳጥን ካለ ሰው የለም። ጓደኛችሁን መውሰድ ከፈለጋችሁ ሳጥኑን ፍቱ፣ መቀመጫውን መልሱ፣ መርገጫውን ዘርጉ፣ ሄልሜት ስጡት። ይህ ካልሆነላችሁ እኔን ጥሩኝ፤ ዋጋ አልቀንስም እንጂ በደህና አደርሰዋለሁ።

የሹፌር ቃል

እኔ በምሠራው ሥራ ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ ኮከብ ይሰጠኛል። መኪናው ከሸተተ፣ ወንበሩ ካልተመቸ፣ ፍሬን ካበዛሁ በማግሥቱ አየዋለሁ። ሹፌር ሁሉ ስለ ኋላ ወንበር እንዲያስብ ይህ ያስገድደዋል። ሞተር ላይ ያለችው እናት ግን ኮከብ አትሰጥም። ልጇ ነው የሚነዳው፤ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። ወገቧ ቢቆረጥ «ተባረክ ልጄ» ብላ ትወርዳለች። ቅሬታ ስላላሰማች ተመችቷታል ማለት አይደለም።

ከኋላ የተቀመጠ ሰው መሪ የለውም፣ ፍሬን የለውም፣ መስታወት የለውም። መንገዱን የመረጠው እሱ አይደለም፤ ፍጥነቱንም እንደዚያው። ያለው አማራጭ ነጂውን ማመን ብቻ ነው። ለዚህ እምነት ነጂው በምላሹ ሊሰጠው የሚችለው ትንሹ ነገር እግሩን የሚያሳርፍበት ጠንካራ ቦታ ነው። ገንዘቡን የላክነው እኛ ደግሞ የሞተሩ ግማሽ ባለቤቶች ነን። ሞተሩ ገቢ ሲያስገባ «እኔ ነኝ የገዛሁለት» እንደምንለው ሁሉ፣ የሚጫኑበትም ሰዎች ጉዳይ ይመለከተናል።

እስቲ እናንተም ያላችሁን ጻፉ። አገር ቤት ሞተር የገዛችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውላችሁ የኋላ መርገጫውን አሳዩኝ በሉና ምን እንዳገኛችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ ንገሩን። አንድ ሰው እንኳ የተሰበረ አግኝቶ ካስጠገነ ይህን ሁሉ መጻፌ በከንቱ አልሆነም። ሞተር ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ካላችሁም ሼር አድርጉለት።

ጥሪ መጣልኝ፤ ልሂድ። ሰላም ዋሉ፣ በሰላም ግቡ።